የቆረጥኩት መጨረሻ

ከፍርድ ቤት በጡረታ የተሰናበትኩ ዕለት ባልደረቦቼ የዶርዜ ጋቢ አለበሱኝና «እስቲ አንድ ነገር ተናገሪ» አሉኝ። ተነሥቼ ቆምኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ችሎት ፊት ቆሜ ያልፈራሁ ሴትዮ ያን ዕለት ፈራሁ። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ስናገር የኖርኩት የሰው ቃል ነው። ከጋሞኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ጋሞኛ፤ የከሳሽን ለዳኛ፣ የዳኛን ለተከሳሽ። የራስሽን ተናገሪ ስባል የምለው ጠፋኝና «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ወጣት ዳኛ ግን አልለቀቀኝም።

«እትዬ ወርቄ፣ ማስተርጎሙን የት ነው የተማሩት?»

«ሲቀላ፣ ቪዲዮ ቤት» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። የቀለድኩ መስሏቸው ነው።

አልቀለድኩም። ደርግ ከወደቀ ሦስት አራት ዓመት ሆኖት ነበር። ታይፕ እመታበት የነበረው የእርሻ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሲቀንስ እኔንም ቀነሰኝ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም፤ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። በእጄ ያለው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀትና መምህራኖቼ ያመሰግኑልኝ የነበረ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። በዚያው ሰሞን አቶ ከድር የሚባል ነጋዴ ከአዲስ አበባ የቪዲዮ ዴክና ቴሌቪዥን አምጥቶ ሲቀላ ሰፈር ገበያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ከፈተ። ፊልሞቹ በካርቶን ታሽገው በአውቶቡስ ይመጣሉ። ሰው ግን ገብቶ አይቶ «ምን እንዳሉ ሳይገባኝ ወጣሁ» እያለ ማጉረምረም ጀመረ። አቶ ከድር እኔን ቀጠረና በር ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ከፊልሙ ስም በታች «አስተርጓሚ አለ» ብሎ ጻፈ። ደመወዙ ከታይፒስትነቴ ያነሰ ነበር፤ እናቴም «በሰው ፊት ቆማ የምትለፈልፍ ልጅ ወለድኩ» ብላ ሳምንት አኮረፈችኝ።

ፊልሞቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ ናቸው። እነሱ ዘንድ ያረጁ፣ እኛ ዘንድ አዲስ። እስካሁን በሕልሜ ይመጣሉ። ዝናብ የመታው አስፋልት ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይዋኛል። ፀጉሯን ያስነፋች፣ የኮቷ ትከሻ ከራሷ ትከሻ የሚሰፋ ሴት የስልኩን ሽቦ እየጎተተች ከክፍል ክፍል ትዞራለች። ሙዚቃቸው ውኃ ውስጥ የሚመታ ይመስላል። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ በተሸፈኑበት ጨለማ ውስጥ፣ በዚያ በአርባ ምንጭ ሙቀት፣ ላብ በጀርባዬ እየወረደ እኔ እዚያ ዝናብ ውስጥ እሄድ ነበር። ፊልሙ አልቆ በሩ ሲከፈት የከሰዓቱ ፀሐይ ዓይናችንን ይመታንና ሁላችንም ደጃፉ ላይ ቆመን እናርገበግባለን። ሙዝ የጫነው መኪና፣ ከሐይቁ የመጣው ዓሣ፣ ተራራው፣ ሁሉም ባለበት አለ። እኛ ግን ለመመለስ ትንሽ ጊዜ ይወስድብን ነበር።

አንድ ቀን ድንገት ቆጠርኩ። እነዚያ ሰዎች በመብራት መሐል ሲጨፍሩ የነበሩባቸው ዓመታት፣ እኛ ወንድሞቻችን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰዱ በየጎረቤቱ እየዞርን የተላቀስንባቸው ናቸው። ያንኑ ዓመት፣ ምናልባትም ያንኑ ቀን። አልተናደድኩም። ቀናሁ ነው የምለው። ታናሽ ወንድሜ በዚያ ዓመት ሄዶ አልተመለሰም፤ እናቴም ከዚያ ወዲህ በራችንን ቀርቅራ ተኝታ አታውቅም።

ሰዉም የራሱን ነበር የሚያየው። የዶርዜ ሸማኔዎች ከመጡ ጀግናው ቢሞት ባይሞት ግድ የላቸውም፤ ልብሱን ነው የሚመረምሩት። ረቡዕ ከሰዓት ለሴቶች ብቻ እናሳያለን፤ እነሱ ደግሞ የሚያቃጥላቸው ምግቡ ነው። ባልና ሚስት ገበታ ላይ ይጣሉና ሰውየው ሳይበላ ይነሣል። ከወንበሩ ሁሉ «ኧረ ምግቡ! ኧረ ሳይቀምሰው!» የሚል ይነሣል። ትዳሩ መፍረሱን አስረድቼ ስጨርስ አንዷ «እሺ፣ ሥጋውን ማን በላው?» ትለኛለች።

ሥራውን ያስተማረኝ ጋሽ ደምሴ ነው። ዴኩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነበር። በድሮ ዘመን በላንድሮቨር የመንግሥት ፊልም ጭኖ ከገረሴ እስከ ዶርዜ ደጋ ለደጋ ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቅም። ካሴቱን ከመክተቱ በፊት በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል፤ ጆሮው ላይ አስጠግቶ ነቅነቅ አድርጎ ያዳምጠዋል፤ ከዚያ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ያየ ሁሉ ይገርመው ነበር። ከቴሌቪዥኑ ሥር በርጩማውን ያደርግና ለፊልሙ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ይቀመጣል። እስኪያልቅ ድረስ ዞሮ አያይም።

«ጋሽ ደምሴ፣ አያምርህም?» አልኩት መጀመሪያ ሰሞን።

«አያለሁ እኮ። እናንተ ፊት ላይ ነው የማየው።»

የማስተርጎምን ሕግ ያወጣልኝም እሱ ነው። ዓይን ያየውን አፍ አይድገመው። ሰው ሲያለቅስ ዝም በይ፤ ለቅሶ አይተረጎምም። አትቅደሚ፤ ሊሞት ያለን ሰው ቀድመሽ አትግደይው። አራተኛውን ሲነግረኝ ጣቱን ያነሣ ነበር። «ከራስሽ አትጨምሪ። ጨው እንኳ ቢጎድለው አንቺ አይደለሽም የሠራሽው።» አንድ ቀን አንድ ቀልድ ሳይገባኝ ዘልዬው ብሄድ፣ እንግሊዝኛ የማያውቀው ሰውዬ ሲያልቅ ጠራኝና «እዚያ ሰዉ መሳቅ ነበረበት፤ ለምን በላሽው?» አለኝ። ፊታችን ላይ ያልደረሰ ሳቅ ይታየው ነበር።

የካሴት ጥገናም ከእሱ ለመድኩ። እርጥበቱና ሙቀቱ ክሩን ያሻግተዋል፤ ዴኩ ይበላዋል፤ የተበላውን ቆርጠን እንቀጥላለን። ብሎኖቹን ትፈቻለሽ፤ ክሩን በምላጭ ሰያፍ ትቆርጫለሽ፤ ሁለቱን ጫፍ አጋጥመሽ በጀርባው በኩል ፕላስተር ትለጥፊያለሽ፤ የዴኩን ማንበቢያ በሚነካው ወገን ግን በጭራሽ። እጅሽ ላብ ካለው መጀመሪያ ታደርቂዋለሽ። ጋሽ ደምሴ የቆረጣትን ክር ሁሉ፣ የጣት ስፋት የማታክለውን ሳይቀር፣ በቆርቆሮ ጣሳ ያስቀምጥ ነበር። «የሰው ልፋት ነው» ይላል።

የተሳሳትኩት በአንድ የወንድማማቾች ፊልም ነው። ታላቁ ባሕር ዳር ያለውን የአባታቸውን ቤት ይዞ ይቀራል፤ ታናሹ ከተማ ይገባል፤ አባታቸው ሲሞት ታናሹ ከቀብር በኋላ ይደርሳል። «አባቴን ደበቅኸኝ»፣ «አንተ ነህ የጠፋኸው» ተባብለው ይለያያሉ። ታናሹ ከብዙ ዓመት በኋላ በዝናብ ይመጣና የዚያን ቤት በር ያንኳኳል። እንደ ልማዴ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በጠዋት ለብቻዬ አየሁት፤ ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዱ በርጩማው ላይ ነበር። ታናሹ ሲያንኳኳ ታላቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ነቅቷል፤ መብራቱ በርቷል። ያኛው ደጋግሞ ያንኳኳል፤ ስሙን ይጠራዋል። ታላቁ እጁን ዘርግቶ መብራቱን ያጠፋል። አለቀ።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። የሚያንኳኳው ሁሉ ወንድሜ፣ የማይከፍተው ሁሉ ጠላቴ መሰለኝ። ጋሽ ደምሴ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ካሴቱን ፈታሁና ታናሹ ለማንኳኳት እጁን ካነሣበት ወዲያ ያለውን ቆረጥኩት። የቀረውን ከባዶው ጭራ ጋር ቀጠልኩ። የቆረጥኩትን ጣሳው ውስጥ እንኳ አላስቀመጥኩም፤ ከጓሮ እሳት ውስጥ ጨመርኩት፤ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቆምኩ።

ከሰዓት ለሕዝቡ አሳየን። ታናሹ እጁን ለማንኳኳት ሲያነሣ ቴሌቪዥኑ ነጭ ሆኖ ሽሽሽ ማለት ጀመረ። «ካሴቱ ተበልቷል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ። «መጨረሻው ግን እንዲህ ነው። ታላቁ ያንኳኳውን በድምፁ ያውቀዋል። ይነሣል። በሩን ይከፍትለታል። ተቃቅፈው ያለቅሳሉ።» ሰዉ አጨበጨበ። ጋሽ ደምሴ አላጨበጨበም።

አቶ ሻንካ ያን ቀን ከተመልካቾቹ አንዱ ነበር። ላንቴ በምትባል መንደር ሙዝ የሚያለማ፣ ዝምተኛ፣ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሙዙን ሸጦ መጣና ያንኑ ፊልም ጠየቀ። በሚቀጥለውም። በአማርኛ ሲያናግረኝ ሴትነቴን ይረሳዋል፤ እኔም አላርመውም ነበር።

«እህቴ፣ ደግመህ ንገረኝ። ከፈተለት?»

«ከፈተለት።»

«ምን ብሎ ከፈተ?»

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም። «‹ወንድሜ፣ ዝናቡ አበሰበሰህ› ብሎ» አልኩት። እንባው መጣ። ያኔ የራሱን ነገረኝ። አገሩ ገረሴ ነው። አባቱ ሲሞቱ መልእክተኛው ላንቴ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው፤ ከታላቅ ወንድሙ ከአቶ ቶማ ጋር በመቃብሩ ላይ ተጣሉ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ሦስት ጊዜ ዳገቱን ወጥቶ የወንድሙን በር አንኳኩቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ «የለም» ተብሎ ተመልሷል። የወንድማማች ጠብ ሳይታረቅ ሲያድር ጎሜ ነው ይላሉ በጋሞ፤ ነውሩ ከሰው አልፎ በልጅም፣ በከብትም፣ በእርሻም ይወጣል። የሻንካ አንዲት ልጅ ታማ ነበር። ስለዚህ አሁን በሽማግሌ ሊሞክር ነው። «ፈረንጅ ከከፈተ፣ የእናቴ ልጅ እንዴት አይከፍትም?» አለኝ።

ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ጠሩ፤ ጉዳይ የሚታይበት የአገር ሜዳ ነው። አቶ ቶማ ሳይወድ መጣ። ሻንካ በልመናው መሐል ፊልሙን ተረከላቸው። አቶ ቶማም «ይህን መጨረሻ ያየ ማነው?» አለ። «የምትተረጉም ሴት አለች።» «እንግዲያው እሷ ትምጣና ትናገር።» በዚያን ጊዜ ሴት ዱቡሻ ላይ ቆማ መናገሯ ብዙም አይታይም ነበር፤ ለምስክርነት ግን ፈቀዱ። ሻንካ ይህን ደስ ብሎት ነገረኝ። እኔም የጋሞ ልጅ ነኝ፤ ዱቡሻ ላይ እርጥብ ሣር በተያዘበት መዋሸት ምን እንደሆነ እናቴ በልጅነቴ ነግራኛለች።

ወደ ጋሽ ደምሴ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኩት።

«አውቄ ነበር» አለኝ።

«እንዴት አወቅህ? እንግሊዝኛውን አትሰማ፣ ዞረህ አላየህ።»

«ያን ቀን ጠዋት ለብቻሽ ስታዪው ፊትሽ ላይ በር አልተከፈተም። ከሰዓት ‹ተከፈተ› አልሽ። እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ሰዉ ደስ ስላለው አለፍኩሽ።»

«ምን ልበላቸው? እውነቱን ብናገር ዕርቁ ይፈርሳል። ልጁ ታማበታለች።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ ወርቄ። የቆረጥሽውን አንቺው ቀጥዪ።»

ገረሴ የወጣሁት በጭነት መኪና ነው። ደመናው ሜዳው ላይ ተኝቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በየድንጋያቸው ላይ የዕርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው ተቀምጠዋል። አቶ ቶማ ከሻንካ የረዘመ፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው ነው። የእኛ ቋንቋ ስለሆነ አስተርጓሚ አያሻም ነበር። ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። አንድ ትልቅ ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኛል። ታናሹ በሩ ላይ ሲደርስ አቆምኩ።

«ከዚያስ?» አሉኝ ሽማግሌው።

«ከዚያ በኋላ ያለውን ለሕዝብ የነገርኩት ውሸት ነው። ፊልሙን እኔ በእጄ ቆርጬዋለሁ። ውስጥ ያለው ሰውዬ አልከፈተም። ነቅቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ መብራቱን አጠፋበት።»

ሻንካን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አቶ ቶማ ግን እኔን ነበር የሚያየኝ።

«ለምን ቆረጥሽው?» አለኝ።

«ልቤ አልቻለም።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣና ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሥቶ ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ሄደ። ጉዳዩ ያለ ዕርቅ ተበተነ። ከሻንካ ጋር እስከ መኪናው አብረን ወረድን። ልሳፈር ስል በአማርኛ «እህቴ» አለኝ፤ «ያን ዳገት የወጣሁት ያንተን ውሸት ስንቅ አድርጌ ነው።» በፍርድ ቤት ዘመኔ ብዙ ክፉ ነገር አስተርጉሜያለሁ፤ እንደዚያ ዓረፍተ ነገር የከበደኝ ግን የለም።

ከዚያ ወዲያ ሻንካ ቪዲዮ ቤት አልመጣም። ሙዙን ሸጦ በማዶ በኩል ሲያልፍ አየው ነበር። ሥራውን ልተው አሰብኩ፤ አፌን በከፈትኩ ቁጥር የራሴ ድምፅ ያስፈራኝ ጀመር። ጋሽ ደምሴ «ሰባሪ ጠጋኝ ይሆናል፤ ቁጭ በይ» ብሎ ያዘኝ። እኔም እያንዳንዷን ቃል እየመዘንኩ፣ ያልገባኝን «አልገባኝም» እያልኩ ማስተርጎም ቀጠልኩ። አንዳንዱ ተመልካች «ይህቺ ሴት ደነዘዘች» ብሎ ያማኝ ነበር። ኋላ ፍርድ ቤት ያስቀጠረኝ ያ ልማድ ነው።

ሦስት ወር ያህል አለፈ። አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ፊልም ልንጀምር ስንል የበሩ መጋረጃ ተገለጠ። ሻንካ ነው። ከኋላው አንድ ረጅም ሰው በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ። አቶ ቶማ። ጎን ለጎን ሳይሆን በመሐላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተው ነው የተቀመጡት።

«ያን ፊልም ክፈተው» አለኝ ሻንካ።

«መጨረሻ የለውም እኮ» አልኩት።

«እስካለበት።»

ጋሽ ደምሴ የገባውን ካሴት አወጣ። ክፍሉ ሙሉ ነው፤ ተማሪዎች፣ ከሌላ ክፍለ አገር የመጡ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች። ማንም አላጉረመረመም። ያኛውን ካሴት በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ጆሮው ላይ ነቀነቀው፤ ከተተውና ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ ተቀመጠ። እኔ አስተረጎምኩ፤ ለክፍሉ በአማርኛ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ለአቶ ቶማ በጋሞኛ። የአባት ቤት። ባሕር። ቀብር። ጠብ። ከዚያ ያ ዝናብ፣ መንገዱ ላይ የሚዋኘው ሰማያዊ መብራት። ታናሹ ደረጃውን ወጣ። እጁን አነሣ።

ነጭ ሆነ። ሽሽሽ ይላል።

ሌላ ጊዜ ይህ የእኔ ቦታ ነበር። ሰዉ ወደ እኔ ዞሮ ጠበቀ። ከራሴ አልጨመርኩም። ነጩ ብርሃን የሁሉም ፊት ላይ ይንቀጠቀጣል። አቶ ቶማ በጋቢው ውስጥ እጁን ከተተ። ሲያወጣው ከደጋው ይዞት የመጣ፣ ሥሩ ገና አፈር ያለበት አንድ ጭብጥ ሣር ነው፤ በሙቀቱ ትንሽ ጠውልጓል። በመሐላቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተሻግሮ ወንድሙ ጉልበት ላይ አኖረው።

ይህን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ከዚያ በፊት ያላየሁበትን አደረገ። በርጩማው ላይ እንዳለ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ለሰዉ ጀርባውን ሰጥቶ ምንም የሌለበትን ነጭ መስታወት ማየት ጀመረ።

«ውስጥ ያለው ሰውዬ ተኝቶ አልነበረም» አለ አቶ ቶማ በጋሞኛ። «ሦስቱንም ጊዜ ቤት ነበርኩ፣ ሻንካ። ጫማህ በር ላይ ጭቃ ሲያራግፍ እንኳ እሰማ ነበር።»

ሻንካ ሣሩን በሁለት እጁ ያዘ። ከኋላ ወንበር ያሉት ተማሪዎች ጋሞኛ አይሰሙም፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ ወደ እኔ አንገቱን አሰገገ።

«ምን አሉ? እትዬ ወርቄ፣ ምን አሉ?»

የተቀጠርኩት ለዚያ ነው። በር ላይ ተጽፏል።

«ለእናንተ አይደለም» አልኩት። «ለወንድሙ ነው።»